«ቀዳዳው ገጥሟል» አይበቃም፦ ለአሮጌ መኪናችሁ ቸርኬ ከመግዛታችሁ በፊት የምትለኳቸው ቁጥሮች

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ፣ እሁድ ጠዋት ብትመጡ ሦስት አራት መኪና ክሪክ ላይ ተሰቅሎ ታያላችሁ። አንዷ የኔ ላዳ ናት። ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ስንት ዓመት ሕዝብ ስታመላልስ ኖራ፣ አሁን ጡረታ ወጥታ እኔን ብቻ ታመላልሳለች። ሞተሯን አሳደስኩ፣ ባትላሜራ ጋ ወስጄ አካሏን አስተካከልኩ፣ ቀለም አስቀባሁ። የቀረኝ ቸርኬ ነበር፣ ጎማው የሚቀመጥበት ክብ።

አንድ ሻጭ ጋ አራት የአሉሚኒየም ቸርኬ አየሁ። ባለ 14 ኢንች፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ዓይን የሚስቡ። «ለላዳ ይሆናል?» አልኩት። «አራት ቀዳዳ አይደለች እንዴ? ይሆናል!» አለኝ። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም፤ ከፈልኩና ወሰድኩ። ቤት ስገጥማቸው ሁለቱ ቡሎኖች በጣት ገቡ። ሦስተኛው በቁልፍ ገባ። ለአራተኛው ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰካሁበት። ገባልኝ ብዬ ተደስቼ ሻይ ጠጣሁ።

በማግስቱ የአዳማውን የፍጥነት መንገድ ያዝኩ። 60 ላይ ሰላም ነው። 80 ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጎሚስታ ጋ ተመላለስኩ፤ ሦስት ጊዜ ባላንስ አስደረግኩ። በሦስተኛው ጎሚስታው «ወንድሜ፣ ጎማህ ምንም አልሆነም» አለኝና ቡሎኖቹን በቁልፍ ነካ ነካ አደረጋቸው። ሁለቱ ላልተዋል። የላዳ ቡሎኖች የሚቆሙበት ክብ 98 ሚሊ ሜትር ነው። የኔ አዲስ ቸርኬ የተቦረቦረው ለ100 ነበር። ሁለት ሚሊ! በዓይን አይታይም፤ ጎማ ነቅሎ ለመጣል ግን ይበቃል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ በኔ ኪሳራ የተጻፈ ነው። ምሳሌዬ ላዳ ብትሆንም አለካኩ ለቮልስም፣ ለፊያትም፣ ለኮሮላ ዲኤክስም አንድ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

ሜትር፣ ካሊፐር (ሚሊ የሚለየው ባለ መንጋጋ መለኪያ፤ የፕላስቲኩም ይበቃል)፣ ቀጥ ያለ ብረት ወይም ጣውላ፣ እስክሪብቶና ካርቶን። ክሪክ ያው ከመኪናው ጋር አለ። ከክሪኩ ሌላ ግን ሁለት ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ተዋሱ። ሰፈሬ ውስጥ ኮብልስቶን ደርድሮ መኪና የሚያቆም ሰው አይቻለሁ። ድንጋይ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል፤ እናንተ ደግሞ እጃችሁ ጎማው ሥር ነው ያለው። አንድ ቁራጭ ሊጥም ያስፈልጋችኋል። አትሳቁ፣ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

1. የድሮውን ቸርኬ አንብቡ

ጎማውን ፍቱና የቸርኬውን ጀርባ በብሩሽ ጥረጉት። ከጭቃውና ከዝገቱ ሥር ብረቱ ላይ የተመታ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የኔው ላይ 5 ጄ፣ 13፣ ኤች 2 ይላል።

5 ማለት ስፋቱ ነው፣ በኢንች። 13 ደግሞ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር፣ እሱም በኢንች። ጄ የከንፈሩ ቅርጽ ነው፤ እሱን እለፉት። ኤች 2 ግን ቁም ነገር አለው። በሁለቱም በኩል ትንሽ ጉብታ አለ ማለት ነው፤ ጉብታው የጎማው ጠርዝ ወደ መሃል እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። የውስጥ ጎማ የሌለው ጎማ ልትገጥሙ ካሰባችሁ ይህ ጉብታ ያስፈልጋችኋል። በጣም የቆዩ ቸርኬዎች ብዙውን ጊዜ የላቸውም፤ እነሱ ከውስጥ ጎማ ጋር እንዲሄዱ የተሠሩ ናቸው።

አንዳንዱ ቸርኬ ላይ ኢቲ የሚል ከቁጥር ጋር ይጨመራል። ቃሉ ከጀርመንኛ የመጣ ነው፤ እኛ ኦፍሴት የምንለው ነው። የኔው ላይ አልተጻፈም። ለክቼ ነው ያገኘሁት፤ እንዴት እንደሆነ ወደ ታች አለ።

2. ፒሲዲ፦ እኔን ያሳበደኝ ቁጥር

በቡሎን ቀዳዳዎቹ መሃል መሃል የሚያልፍ ክብ አስቡ። የዚያ ክብ ዲያሜትር ፒሲዲ ይባላል። 4×98 ሲባል አራት ቀዳዳ፣ 98 ሚሊ ማለት ነው።

አራት ቀዳዳ ያለውን መለካት ቀላል ነው። ከመሃል ወደ መሃል ለመለካት አትድከሙ፤ የቀዳዳ መሃል በዓይን አይገኝም። ከአንዱ ቀዳዳ የውጭ ጠርዝ ተነሡና በቀጥታ ትይዩው ካለው ቀዳዳ የውስጥ ጠርዝ ድረስ ለኩ። ቀዳዳዎቹ እኩል እስከሆኑ ድረስ ያገኛችሁት ራሱ ፒሲዲው ነው። ይህን በካሊፐር አድርጉት። ሜትር 98ን ከ100 አይለይላችሁም፤ እኔን ምስክር ቁጠሩኝ።

አምስት ቀዳዳ ላይ ትይዩ የሚባል የለም። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ለኩ፣ ከአንዱ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ግራ ጠርዝ። ያገኛችሁትን በ1.7 አባዙት። 65.8 ካገኛችሁ 112 ነው። 67.2 ከሆነ 114.3 ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ተኩል እንኳ እንደማይሞላ ልብ በሉ። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ።

መኪናው ላይ ደግሞ ሞዞውን፣ ማለትም ቸርኬው የሚታሰርበትን ብረት፣ ለብቻው ለኩ። የፊቱንም የኋላውንም። ለምን? የኛ አገር አሮጌ መኪና ስንት እጅ አልፏል። ከፊት የአንዱ ሞዴል፣ ከኋላ የሌላው ሞዴል ታምቡር (የፍሬን ከበሮ) የተገጠመለት ቮልስ አጋጥሞኛል። ቮልስ በፈረንጆቹ እስከ ስድሳዎቹ አጋማሽ አምስት ቡሎን ነበረው፣ 5×205። በፈረንጆቹ ከ1968 ሞዴል ወዲህ በብዛት 4×130 ሆነ። ጎረቤቴ ሁለቱንም በአንድ መኪና ላይ ይዞ ለዓመታት ነድቷል፤ ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ለኋላ ብቻ ነበር የሚሆነው። የፊቱ ቢፈነዳ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ እንጃ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልበል። የድሮዋ ዲኤክስ፣ ከኋላ የምትነዳው፣ 4×114.3 ናት። ከሷ ቀጥለው የመጡት ከፊት የሚነዱት ኮሮላዎች ግን 4×100 ናቸው። «ያው ኮሮላ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ይኖራል፤ ያው አይደለም። የድሮ መርሴዲሶች 5×112። ላዳ የፊያት 124 ልጅ ስለሆነች እናቷንም እሷንም 98 ያስማማቸዋል። ኒቫ ግን ላዳ ብትባልም 5×139.7 ናት።

ቡሎኑ ስለገባ ብቻ ለምን አይበቃም? 100ውን 98 ላይ ስታስሩ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከቡሎኑ አንድ አንድ ሚሊ ይርቃል። የቡሎኑ ሾጣጣ አንገት በአንድ ጎኑ ብቻ ይደገፋል። ቡሎኑ ትንሽ ይጎብጣል፣ ቸርኬውም መሃሉን ይስታል። የጎበጠ ቡሎን ደግሞ ጥብቅ አድርጋችሁ ብታስሩትም ይላላል። የኔው ያደረገው ይህንኑ ነው።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ካርቶን ሞዞው ላይ አስጠጉና በጥቁር ከሰል ወይም በቅባት እጃችሁ እሹት። የቀዳዳዎቹና የመሃሉ ክብ ልክ ካርቶኑ ላይ ይወጣል። ቆርጣችሁ ኪሳችሁ ክተቱት። ገበያ ላይ ከሻጭ ጋር ከመከራከር ካርቶን ማውጣት ይሻላል።

3. የመሃል ቀዳዳ

ቸርኬው መሃል ያለው ትልቁ ቀዳዳ ነው። በብዙ መኪና ላይ ሞዞው ጫፍ ላይ የወጣ ክብ ብረት አለ፤ ቸርኬው እሱ ላይ ይሰካና መሃሉን የሚይዘው እሱ ነው። የላዳው 58.5 ሚሊ ገደማ ነው። የፊያት ቸርኬ 58.1 ነው። በፒሲዲ ይገጥማል፣ በመሃል ቀዳዳ ግን ግማሽ ሚሊ ስለሚጠብ አልገባም ይላል። በመዶሻ አታስገቡት። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ታሰፉታላችሁ፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሰፊ ከሆነ ደግሞ በመካከል ቀለበት ይገባል። የአሉሚኒየም ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ቀለበት ነው፤ የውስጡ የሞዞው ልክ፣ የውጭው የቸርኬው ልክ። ይህንንም ቶርኖ ቤት ይሠሩላችኋል። እኔ አሉሚኒየሙን እመርጣለሁ።

ላዳ ያላችሁ አንድ ነገር ተመልከቱ። ታምቡሩ ላይ ከቡሎኖቹ ሌላ ሁለት ትንንሽ ጉጦች ወጥተው ታያላችሁ። የድሮው ቸርኬ ለነሱ ሁለት ትንሽ ቀዳዳ አለው። አዲሱ ቸርኬ ጀርባ ላይ ለጉጦቹ ቦታ ከሌለ ቸርኬው እነሱ ላይ ይቀመጣል እንጂ ሞዞው ላይ ጥብቅ ብሎ አያርፍም። ሳይታወቅ የሚያልፈው ስህተት ይህ ነው።

4. ስፋት

ስፋቱ የሚለካው ጎማው ከሚቀመጥበት እስከ ጎማው ከሚቀመጥበት ነው፣ ከከንፈሮቹ ውስጥ። ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ከለካችሁ አንድ ኢንች ገደማ ይበልጣል። ባለ 6 ኢንች ቸርኬ ከውጭ ሲለካ 7 አካባቢ ነው። «7 ኢንች ነው» ተብሎ 6 የተሸጠለት ሰው አውቃለሁ። ሻጩም ገዢውም በሜትር ለክተው ነው የተስማሙት፤ ማን ውሸታም ይባላል?

5. ኦፍሴት፦ ቸርኬው ወደ ውስጥ ይገባል ወይስ ወደ ውጭ ይወጣል?

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

ቸርኬውን ከላይ ወደ ታች መሃሉ ላይ በመጋዝ ለሁለት ብትከፍሉት፣ በስፋቱ ልክ መካከል የሚያልፍ መስመር አለ። ኦፍሴት ማለት ከዚያ መካከለኛ መስመር እስከ ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ድረስ ያለው ርቀት ነው። ገጹ ከመስመሩ ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ መንገዱ በኩል ከሆነ ፖዘቲቭ ይባላል። ወደ መኪናው በኩል ከሆነ ኔጋቲቭ። ልክ መስመሩ ላይ ከሆነ ዜሮ።

ለማስታወስ እንዲህ ያዙት። የኢቲው ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር ጎማው ወደ መኪናው ሆድ ይገባል። ዝቅ ባለ ቁጥር ወደ ውጭ ይወጣል።

አለካኩ ይኸው። ቸርኬውን ያለ ጎማ በፊቱ ምድር ላይ ድፉት፣ ጀርባው ወደ ላይ። ቀጥ ያለውን ብረት በጀርባው ከንፈር ላይ ከዳር እስከ ዳር አጋድሙ። ከብረቱ ወደ ታች፣ ሞዞው ላይ እስከሚያርፈው ገጽ ድረስ በማስመሪያ ለኩ። ይህን የጀርባ ጥልቀት እንበለው። ቀጥሎ ጠቅላላ ስፋቱን ከውጭ ከንፈር እስከ ውጭ ከንፈር ለኩና ለሁለት አካፍሉ። ከጀርባው ጥልቀት ላይ ይህን ግማሽ ቀንሱ። የቀረው ኦፍሴት ነው።

የኔን የድሮ ቸርኬ ልስጣችሁ። ጠቅላላ ስፋቱ 152 ሚሊ ሆነ፤ ግማሹ 76። የጀርባ ጥልቀቱ 105። 105 ሲቀነስ 76፣ 29። ኢቲ 29 ማለት ነው። ለላዳ የተለመደውም ይኸው ቁጥር ነው፤ ልኬቴ ትክክል እንደሆነ ያወቅኩት በዚህ ነው።

አሁን አዲስ ቸርኬ ልትገዙ ነው እንበል፤ 6 ጄ፣ ኢቲ 20። የት ይደርሳል? ሁለት ሂሳብ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የስፋቱን ልዩነት ግማሽ ያዙ። ከ5 ወደ 6 ኢንች አንድ ኢንች ነው፣ 25.4 ሚሊ፤ ግማሹ 12.7። ቀጥሎ የኢቲውን ልዩነት ያዙ፤ 29 ሲቀነስ 20፣ 9 ነው። ኢቲው ስለወረደ ጎማው በ9 ወደ ውጭ ተገፍቷል። ስለዚህ በውጭ በኩል 12.7 ሲደመር 9፣ 21.7 ሚሊ ይወጣል። በውስጥ በኩል 12.7 ሲቀነስ 9፣ 3.7 ሚሊ ብቻ ይገባል።

ያንኑ ባለ 6 ኢንች በኢቲ 38 ብትገዙት ነገሩ ይገለበጣል። ወደ ውጭ 3.7፣ ወደ ውስጥ 21.7። ሁለቱ ቸርኬዎች ተደርድረው ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። አንዱ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለውን ላሜራ) ይፍቃል፣ ሌላው ሾክ አብዞርበር ወይም ሞላ።

ለዚህ ነው ከአዲስ መኪና የወረደ ቸርኬ ለአሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ የማይመቸው። ከፊት የሚነዱ የአሁን መኪኖች ኢቲያቸው ከፍ ያለ ነው፣ 35፣ 40፣ 45። የድሮ ከኋላ የሚነዱ መኪኖች ዝቅ ይላሉ። መርሴዲስም ላይ ያው ነው፤ የአዲሱ 5×112 ለአሮጌው በቀዳዳ ይሆናል፣ በኢቲ ግን ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

«ስፔሰር አስገባበት» ይሏችኋል። ስፔሰር በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ ክብ ብረት ነው፤ የኢቲውን ቁጥር በውፍረቱ ልክ ይቀንሳል፤ 10 ሚሊ ስፔሰር ኢቲ 38ን 28 ያደርገዋል። በሂሳብ ልክ ነው። ነገር ግን በዚያው ልክ ረዘም ያለ ቡሎን ይጠይቃል፤ ከወፈረ ደግሞ የመሃሉ መያዣ ክብ ቸርኬው ጋ አይደርስም። በልኩ የተቶረነ፣ መሃሉን የሚይዝ ስፔሰር ከሆነ እሺ። ከላሜራ የተቆረጠ ቀለበት ደርቦ ማስገባትን ግን አልመክርም፤ ሰው ያሳፈረ መኪና ነው።

ወደ ውጭ በብዛት ማውጣትስ? ያምራል፣ አልክድም። ነገር ግን ጎማው በወጣ ቁጥር የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። የድሮ መሪ ደግሞ ያለ ኃይል አጋዥ ነው፤ ይከብዳችኋል፣ ጉድጓድ ስትገቡም ከእጃችሁ ሊነጥቃችሁ ይሞክራል። እኔ መጨረሻ ላይ የገዛሁት 5 ተኩል ጄ፣ 14 ኢንች፣ ኢቲ 25 ነው። ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፤ ወደ ውጭ 10 ሚሊ፣ ወደ ውስጥ 2 ሚሊ ገደማ ይመጣል።

6. መኪናው ላይ ያለውን ክፍት ቦታ ለኩ

የድሮው ጎማ እንደታሰረ፣ መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ፣ ጎማው አጠገብ ያለውን ሁሉ ለኩ። ከጎማው የውስጥ ጎን እስከ ሾክ አብዞርበሩና ሞላው፤ ከውጭ ጎኑ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ። ከፊት ደግሞ መሪውን ወደ አንድ ጎን ጨርሳችሁ ጠምዝዙና እንደገና ለኩ፣ ከዚያም ወደ ሌላው። ፊት ላይ የሚፋቀው ብዙ ጊዜ ቀጥ ሲል ሳይሆን ሲታጠፍ ነው።

ለኋላው መጫን ያስፈልጋል። እኔ ጤፍ ልናስፈጭ ባልንበት ቀን ሁለት ኩንታሉን ኋላ አስገባሁና ለካሁ። ባዶውን አራት ጣት የነበረው ሁለት ጣት ሆነ። ኩንታል ከሌላችሁ ሦስት ጎረቤት ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጡ፤ ሲስቁ መኪናውም ስለሚነቃነቅ ፈተናው የባሰ ጥሩ ይሆናል።

ከጎማው ጋር አብረው ከማይንቀሳቀሱ ነገሮች ቢያንስ 15 ሚሊ እንዲቀር እፈልጋለሁ። አብረውት ከሚወጡና ከሚወርዱት ከ6 እስከ 8 ሚሊ ይበቃኛል። ከዚህ በታች ከሆነ ሌላ ቸርኬ ፈልጉ።

7. ጎማው

የቸርኬው ዲያሜትር ሲያድግ የጎማው ቁመት መቀነስ አለበት፤ አለበለዚያ የፍጥነት መቁጠሪያው ይዋሻል፣ ጎማውም ከላይ ይፋቃል። አሰላሉ፦ 185/60 14 ከሆነ (185 ስፋቱ በሚሊ፣ 60 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 14 የቸርኬው ኢንች)፣ 185ን በ0.60 ስታባዙ 111 ይሆናል፤ ከላይና ከታች ስለሆነ 222። 14 ኢንች 355.6 ሚሊ ነው። ድምሩ 578 ገደማ። የድሮው 175/70 13 በዚሁ ስሌት 575 ነው። ሦስት ሚሊ ልዩነት ምንም ማለት አይደለም። ጎማው 10 ሚሊ እንደሰፋ ግን አትርሱ፤ በየጎኑ 5 ሚሊ በላይኛው ሂሳባችሁ ላይ ጨምሩ።

15 ኢንች ከቀጭን ጎማ ጋር? ከዋናው አስፋልት ወርዳችሁ ኮብልስቶኑን፣ ከዚያ የኮብልስቶኑን መጨረሻ፣ ከዚያ ጉድጓዱን አስቡ። ሥጋ የሌለው ጎማ ይህን ሁሉ በቀጥታ ለቸርኬው ያስተላልፋል። ቸርኬው ይጣመማል ወይ ይሰነጠቃል። ለኛ ሰፈር 14 በቂ ነው፤ ከዚህ በላይ ለፎቶ ነው።

8. ገበያ

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ስኮርታውን ይዛችሁ ሂዱ። ይከብዳል፣ ታክሲ ላይ ያስቸግራል፣ ግን ከስኮርታ ጋር የሚከራከር ሻጭ የለም። ካርቶኑን፣ ካሊፐሩን፣ ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ወረቀት ጨምሩ።

ያገለገለ ከሆነ የውስጥ ጎኑን በጥንቃቄ እዩ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከማይታየው በኩል ነው። የተበየደ ምልክት ካያችሁ መልሱት። ምድር ላይ አንከባሉት፣ ጣውላ ላይ አጋድማችሁ ይወዛወዝ እንደሆነ ሞክሩ። አራቱም ኢቲያቸው አንድ መሆኑንም አረጋግጡ፤ ሁለት ሁለት ተቀላቅለው ሲሸጡ አይቻለሁ።

9. ቡሎንና ዳዶ

የአሉሚኒየም ቸርኬ ወፍራም ነው። የድሮው አጭር ቡሎን ጫፉ ብቻ ነው ጥርስ ውስጥ የሚገባው። ጥርስ ውስጥ የገባው ርዝመት ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል መሆን አለበት። የላዳ ቡሎን 12 ሚሊ ወፍራም ነው፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ፤ ስለዚህ ከመጥበቁ በፊት ዘጠኝ አሥር ዙር መዞር አለበት። 1.5 ጥርስ ላይ ስምንት ዙር። በጣት እያዞራችሁ ቁጠሩ።

ሲበዛም ችግር አለ። የረዘመ ቡሎን በታምቡሩ ጀርባ ወጥቶ የፍሬን ዕቃ ይመታል። ካሰራችሁ በኋላ ጎማውን በእጅ አዙሩት። ከ«ኪር ኪር» ድምፅ ጋር ከዞረ ወይም ከተያዘ ቡሎኑ ረዝሟል።

የአንገቱ ቅርጽም ይለያያል። ቮልስና የድሮ መርሴዲስ ኦሪጅናል ቡሎናቸው አንገቱ እንደ ኳስ ክብ ነው። አብዛኛው ሌላ ፋብሪካ የሠራው ቸርኬ ሾጣጣ ይፈልጋል። የቶዮታ ኦሪጅናል የአሉሚኒየም ቸርኬ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ዳዶ ነው የሚፈልገው። ክብ አንገት ሾጣጣ ቀዳዳ ላይ በቀጭን መስመር ብቻ ያርፋል፤ ዛሬ የጠበቀ መስሎ ነገ ይላላል።

10. ሙከራ፣ በሊጥ

ጎማ ሳታስገቡ ባዶውን ቸርኬ ፊት ላይ እሰሩ። ከማሰራችሁ በፊት ፍሬኑ ከቸርኬው ጋር የሚቀራረብበት ቦታ ላይ፣ ከላይና ከፊት በኩል፣ ትንሽ ትንሽ ሊጥ ለጥፉ። እሰሩ፣ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አንድ ዙር አዙሩ፣ ፍቱ። የተጨፈለቀው ሊጥ ውፍረት ነው ያላችሁ ክፍተት። ከ3 ሚሊ ከሳሳ አይሆንም። ባለቤቴ ከዳቦው ሊጥ ቆርሼ ስወጣ ያየችኝ ቀን የተናገረችውን እዚህ አልጽፍም።

ካለፈ ጎማ አስገቡ፣ ባላንስ አስደርጉ፣ እሰሩ። አሥራር በመስቀል ነው፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ትይዩውን። መጀመሪያ ጎማው አየር ላይ ሳለ በቀላሉ፣ ከዚያ መሬት ሲነካ በኃይል። ቁልፍ ላይ ቱቦ መሰካት የለም። ኃይል የሚለካ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ የመኪናችሁን መጽሐፍ ቁጥር ንገሯቸው። ጥርሱ ላይ ቅባት አትቀቡ፤ የሞዞውን ገጽ ግን ዝገቱን በብረት ብሩሽ አንሡለት።

መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብላችሁ ንዱ። መሪውን ሁለቱም ጎን ጨርሳችሁ አጥፉ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ውጡ፣ መስኮት ከፍታችሁ አዳምጡ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። ይህን አትዝለሉት።

ስኮርታውስ? እሱ አሁንም የድሮው ብረት ቸርኬ ነው፣ ቀጭን። መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስባችሁ በአዲሱ ረጅም ቡሎን ልታስሩት ነው፤ ያኔ ቡሎኑ ጀርባ ወጥቶ ፍሬኑን ይይዛል፣ ያውም በምሽት። አራቱን አጭር የድሮ ቡሎኖች በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከክሪኩ አጠገብ አስቀምጡ።